ሐመልማል እና መዝሙር መቶ ዘጠኝ

አሰላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ሱሪ ያሳጠረ፣ ዚፕ ያስቀየረ ወይም የልጁን ዩኒፎርም ያስጠበበ ሰው ሁሉ ሐመልማልን ያውቃታል። ሱቋ ጠባብ ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የደንበኛ በርጩማ፣ ከመኪናዋ በላይ ደግሞ መጻሕፍት የተደረደሩበት ጣውላ። ልብሱ እስኪያልቅለት የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ጣውላ ላይ ነው።

«ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የምታነቢው?» ይላታል።

«ኧረ መኪናዋ ናት» ትላለች ሐመልማል ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እኔ ክር ነው የማቀብላት።»

ትምህርቷን ያቋረጠችው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቷ ታመው ተኙ፣ ታናናሾቿን የሚያይ ጠፋ፣ እሷ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው በራሷ ነው፤ ከሰው በተዋሰችው መጽሐፍ፣ ዕቃ ተጠቅልሎበት በመጣ ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ሽፋኑ በወለቀ መዝገበ ቃላት። አላገባችም። ሰው በዚህ ሲያዝንላት ይገርማታል፤ የሚጠብቃት መጽሐፍ እያለ ባዶ ቤት ገባሁ ብላ አታውቅም።

የቤተ መጻሕፍቱ ነገር የመጣው በአንድ ሱሪ ሰበብ ነው። ኃይለየሱስ የሚባል ሰው፣ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የነገረ መለኮት ማሠልጠኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪውን ሊያስጠግን መጥቶ ጣውላውን ሲያይ ቆየ።

«እትዬ ሐመልማል፣ እኛ ጋ መጥተው ለምን አያነቡም?»

«እኔን ማን ያስገባኛል?»

«እኔ ነኛ! በሩ ላይ የምቀመጠው ሌላ ማን አለ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ፣ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። ኃይለየሱስ መስኮት ሥር ካሉት ኮምፒውተሮች በአንዱ ፊት አስቀመጣት። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ሃይማኖታዊ ጽሑፎች ያሉበት ቋት ነው፤ እሱ «ዳታቤዝ» ይለዋል።

«እዚህ ጋ መጽሐፉን ይመርጣሉ። እዚህ ምዕራፉን ይጽፋሉ፤ ከፈለጉ ቁጥሩንም። ከዚያ ይህችን ይጫኑ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስለዚያ ክፍል ሊቃውንቱ የጻፉት ይዘረገፋል።»

መጀመሪያ የፈለገችው የጌታን ልብስ ጫፍ ነክታ የተፈወሰችውን ሴት ነበር። ለልብስ ሰፊ ሌላ ምን ይቀድማል? ማቴዎስ አለች፣ ምዕራፍ ዘጠኝ አለች፣ ተጫነች። ስክሪኑ ሞልቶ ወደ ታች ፈሰሰ። ስለ ሴትዮዋ የጻፈ አለ፣ ስለ ሕመሟ የጻፈ አለ፣ ስለ ልብሱ ዘርፍ ብቻ የጻፈም አለ። አርዕስቶቹን ስልኳ ላይ ባለው መተርጎሚያ እያስገባች ስታያቸው እንባዋ መጣ። ስለ አንዲት ስሟ እንኳ ያልተነገረ በሽተኛ ይህን ያህል ሰው ቁጭ ብሎ አስቧል! «ተመስገን፣ ይህንንም አሳየኸኝ» አለች በልቧ። ኃይለየሱስ ከኮምፒውተሮቹ በላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳይቷት፣ «ለፈላጊዎች የሚሆን ማሳሰቢያ ነው፤ መጀመሪያ ይህችን ያንብቡ» ብሏት ነበር። ወረቀቱ ረጅም ነው፤ ሌላ ቀን ብላ ተወችው።

ቅዳሜው ልማድ ሆነ። ልማዱ ደግሞ እሷ ሳታውቀው ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በየወሩ በሚካኤል ማኅበራቸው ላይ ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ሴቶቹ ስለ ወንጌሉ ይጨዋወታሉ፤ ሐመልማልም እዚያ መሃል «ጥናቱ እንደሚለው» የምትል ነገር ጀመረች። መጀመሪያ ስትላት እየፈራች ነበር። እያደር ግን እንደ አሜን ከአፏ ቀለለች። ሴቶቹ «ዶክተር ሐመልማል መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት!» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም «ተዉ እንጂ» ትላለች፤ ሲተዉ ግን ቅር ይላታል።

ከማኅበርተኞቹ አንዷ አበባ ናት። በዕድሜ ሐመልማልን ትበልጣለች፤ ገበያ ውስጥ ቆሎና በሶ ትሸጣለች። ባሏ ገብረ መድህን ከሞተ ወዲህ ግቢው ውስጥ የቀሩት እሷና የጓሮዋን ክፍል የተከራዩት አባባ ይርሳው ብቻ ናቸው። አባባ ይርሳው በልጅነታቸው በበቆጂ በኩል ዲቁና አገልግለው፣ ኋላ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነው፣ አሁን ያለ ዘመድ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ያላቸው አንድ አልጋ፣ አንድ ካፖርትና አንድ የግዕዝ ዳዊት ነው። እሱን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግማሉ።

አንድ ሐሙስ አበባ የሐመልማልን ሱቅ በር ገፍታ ገባች። አልተቀመጠችም።

«ሐሙ፣ በሩን ግጥም አድርጊው።»

«ምነው እትዬ? ብርድ ገባሽ?»

«ዳዊት እየተደገመብኝ ነው።»

ሐመልማል እግሯን ከመኪናዋ መርገጫ ላይ አነሣች። ይህን ነገር የማያውቅ ሰው የለም። ሰው በጠላቱ ላይ ዳዊት ያስደግማል፣ የተደገመበት ሰው አይበረክትም ይባላል። ሐመልማል በእንዲህ ዓይነቱ ወሬ አላምንም ትላለች፤ ሰውነቷ ግን ቀዝቀዝ አላት።

«ማን ነው የሚደግምብሽ?»

«አባባ ይርሳው ናቸዋ! ያን የጓሮውን ጥድ አስቆረጥኩት አይደል? ለሱቅ ቦታ ፈልጌ። ሥሩ ይቀመጡ ነበር። ‹አይ አበባ!› ብለው ገቡ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። በሳምንቱ መጥተው የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ።»

«ነገርሻቸው?»

«እኔ ሞኟ! ወለተ ጻድቅ ብዬ ነገርኳቸው። ለጸሎት ነው አሉኝ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ ስሜን እየጠሩ ይደግማሉ፣ ይኸው ቀኝ እጄ ደነዘዘ። ቆሎ ማመስ አቅቶኛል።»

«ምናልባት የእውነት ለጸሎት ቢሆንስ?»

«ዛፋቸውን በቆረጥኩ በሳምንቱ? ሐሙ፣ ሕፃን ነሽ? ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው እኮ። ‹አባባ፣ ጧት ጧት ምኑን ነው የሚሉት?› ብላቸው፣ ‹መቶ ዘጠኝን ነው ልጄ፣ ለአንቺ ነው› አሉኝ። ለአንቺ ነው! ድፍረታቸውን አየሽልኝ?» አበባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ያ ኮምፒውተር አለሽ። እስኪ መቶ ዘጠኝ ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

መጽሐፍ ቅዱሱ ከሐመልማል ራስ በላይ ጣውላው ላይ ነበር። እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች። ግን የተጠየቀችው እሱን አልነበረም፤ የተጠየቀችው ሌላው የማያገኘውን፣ እሷ ብቻ የምታገኘውን ነው። ደስ አላት።

«ቅዳሜ እገባለሁ። የተጻፈውን ሁሉ አጣርቼ እነግርሻለሁ።»

ቅዳሜ ገባች። መዝሙረ ዳዊት አለች፣ መቶ ዘጠኝ አለች፣ ተጫነች። የመጀመሪያው አርዕስት ስልኳ ላይ ሲተረጎም «የእርግማን መዝሙር» ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውም ስለ እርግማን ነው። ሦስተኛው የጠላት ልጆች የሙት ልጅ እንዲሆኑ፣ ሚስቱ መበለት እንድትሆን ስለሚለምን ጸሎት ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለው ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለምን ገባ እያለ። ሐመልማል ወደ ታች ወረደች። ከታች አንድ ሌላ ጽሑፍ ነበር። እነዚያ የእርግማን ቃላት የዘማሪው አይደሉም፣ ጠላቶቹ በእሱ ላይ የተናገሩት ነው፣ እሱ ለእግዚአብሔር ሲከስሳቸው ነው የሚደግመው የሚል። እሱን አጋመሰችና ተወችው። ነገሩን ያደበዝዝባታል።

ከዚያ ስትወጣ ፈርታለች፣ አበባም አሳዝናታለች። ግን ደግሞ፣ ይህን ኋላ ለራሷ ስታምን ፊቷ እሳት ይሆን ነበር፣ እርምጃዋ ፈጥኗል። ያገኘ ሰው አረማመድ ነበር።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ አበባ ቤት ገባች።

«እውነትሽን ነው እትዬ። መቶ ዘጠኝ የእርግማን መዝሙር ነው። ሊቃውንቱ ተስማምተውበታል።»

አበባ ደንዛዛ እጇን በደኅናው ያዘች። «በይ አንብቢልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«በእኔ ላይ የሚሉትን ነዋ! የተረገምኩበትን እንኳ በጆሮዬ ልስማው እንጂ።»

ሐመልማል ከነጠላዋ ሥር መጽሐፍ ቅዱሷን አወጣች፤ ስንት ዓመት ያነበበችው፣ ጠርዙ የተላጠ መጽሐፍ። መቶ ዘጠኝ ላይ ገለጠች። አጭር ነው። ጌታ በቀኝ ስለ መቀመጡ፣ ጠላቶቹ ከእግሩ በታች ስለ መሆናቸው ይናገራል። ወደ ታች ሄደች፤ ስለ ጽዮን ይናገራል፣ ስለ መልከ ጼዴቅ ይናገራል፣ አለቀ። እርግማን የለም። በየዓመቱ በልደት ሰሞን የምታነበው፣ የምትወደው መዝሙር ነው።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ቦታውን እየፈለግኩ ነው።»

ዓይኗ ወደ ላይ ወጣ። ከእሱ በፊት ያለው፣ መቶ ስምንት፣ እዚያ ነበር። ልጆቹ ድሀ አደግ ይሁኑ፣ ሚስቱም መበለት፤ አንድም ሳይቀር። ያን ጊዜ ገባት። የፈረንጆቹ ቁጥር ከእኛ ቁጥር አልገጠመም። ያነበበችው ሁሉ ስለ መቶ ስምንት ነው፤ አባባ ይርሳው ግን መቶ ዘጠኝን ነው የሚደግሙት።

መጽሐፉን ከድና «እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ትችል ነበር። አንደበቷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አበባ ሐኪም እንደሚታይ አፍ አፏን እያየቻት ነው፤ ሊቃውንቱ ተስማምተውበታል ካለች ገና መቀመጫዋ አልሞቀም፤ ዶክተር ሐመልማል። አበባ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ሐመልማል ይህን አሰበችው። ከዚያ በኋላ ብዙውን ነገር በድንጋጤ፣ በችኮላ እያለች ለራሷ ልታቀልለው ሞክራለች፤ ይህን ማሰቧን ግን ምንም አላቀለለላትም።

ጉሮሮዋን ጠረገችና መቶ ስምንትን አነበበች። አነባበቧ ያምራል፤ ሁሉም ይመሰክርላታል። አበባ እንባዋን እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«በቃ» ብላ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሐመልማል ከተቀመጠችበት ሁሉንም ሰማች።

«አባባ፣ ቤቱን ይልቀቁልኝ።»

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«እርስዎ ያውቁታል። ሐመልማል ከሊቃውንቱ ጽሑፍ አግኝታዋለች፣ ከመጽሐፍም አንብባልኛለች።»

«ሐመልማል ያነበበችው ከሆነ እንግዲህ እኔ ሳላውቅ ያጠፋሁት ይኖራል» አሉ ሽማግሌው። «የምታነብ ልጅ ናት።»

ሐመልማል በፊተኛው በር ወጣች። ለማንም ቻው አላለችም።

በነጋታው ወሬው ማኅበርተኞቹን አዳርሷል። ማክሰኞ ጧት ጎረቤቷ ዘይቱና፣ አጠገቧ ብትን ጨርቅ የምትሸጥ ሴት፣ ሐመልማል ሱቋን ከፍታ ሳትጨርስ በሩ ላይ ቆመች።

«አካም ቡልቴ ሐመልማል? ደኅና አደርሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል?»

«ምነው ዘይቱና?»

«ሽማግሌውን በረንዳዬ ላይ አገኘኋቸው። አልጋቸውን ተሸክመው ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ! ዕቃ ቤቴን አጸዳሁላቸው። እኔ የእናንተን መጽሐፍ አላውቅም፤ በመጽሐፍ ሰው ይባረራል እንዴ? ሲሬ ከተማ የወንድም ልጅ አለኝ ይላሉ፤ ስልኩ አይነሣም።» ዘይቱና ዝቅ ብላ አየቻት። «አንቺ ነሽ አሉ ያገኘሽው።»

«እኔ ነኝ።»

«እና እርግጥ ነው?»

ሐመልማል መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር። ክሩ አልገባም አላት። «አጣራለሁ» አለች።

«አጣሪ እንጂ!» አለች ዘይቱና። «ሰውየው እስኪሞቱ አጣሪ።»

ሐመልማል ረቡዕ ሱቋን ዘግታ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ልታጣራ ግን አልነበረም፤ እውነቱን ታውቀዋለች። የሄደችው ሰበብ ፍለጋ ነው። የሆነ ሊቅ፣ የሆነ ቦታ፣ መቶ ዘጠኝም ቢሆን ለእርግማን ይደገማል ብሎ ጽፎ እንደሆነ ብላ ነው። ይህችን ቁጥር ይዛ፣ ያችን ቁጥር ይዛ ስትፈልግ ቆየች። አጣች። ኃይለየሱስ ሻይውን ይዞ መጣ።

«ዛሬ ደግሞ በሥራ ቀን! ምን ጠፋዎት?»

«መዝሙር መቶ ዘጠኝ» አለች። «ጽሑፎቹ ከእኔ መጽሐፍ ጋር አልገጥም አሉኝ።»

ኃይለየሱስ ሳቀ። «ይህቺማ የሁሉም ሰው ናት! እኛ ዘጠነኛውን አንድ አድርገን የምናነበውን እነሱ ለሁለት ይከፍሉታል። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው አካባቢ በአንድ ይቀድሙናል። የእኛን መቶ ዘጠኝ ከፈለጉ መቶ ዐሥር ብለው ነው የሚጽፉት። የለጠፍኩት ለዚህ አይደል እንዴ?» በጣቱ ግድግዳውን አሳያት። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፣ በደማቁ ተጽፎ። «ደግነቱ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ ወዲያው ይታወቀዋል። ማንንም አይጎዳም።»

ኃይለየሱስ ሻይ ላምጣልዎት ቢላት ሐመልማል አልፈልግም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ማሽኑ የጠየቀችውን መልሶላታል፤ ወረቀቱም የሚለውን ብሏል፤ መጽሐፉም እዚያው ጣውላው ላይ ነበር። የሚከሰስ ሌላ ሰው ፈልጋ አጣች።

ከዚያ በቀጥታ ገበያ ወረደች። አበባ በግራ እጇ ቆሎ እየሰፈረች ነበር። ደንበኛው እስኪሄድ ጠበቀች።

«እትዬ፣ አባባ ይርሳው አልረገሙሽም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቁጥሩ ነው። የፈረንጆቹ ከእኛ በአንድ ይለያል። እኔ ያየሁት ስለ ሌላ መዝሙር ነው።»

አበባ መስፈሪያውን አስቀመጠች። ፊቷ መጀመሪያ በራ፤ እፎይታ ነበር። «ተመስገን! ወይኔ፣ ሽማግሌውን...» አለችና ቆመች። ሐመልማል ያንን ቆም ማለቷን እየጠበቀች ነበር። «ቆይ። አንቺ አንብበሽልኛል እኮ። ከራስሽ መጽሐፍ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ልጆቹ እንዲህ ይሁኑ፣ ሚስቱ እንዲህ ትሁን ሲል።»

«እሱ መቶ ስምንት ነው።»

«ተሳስተሽ ነው የገለጥሽው?»

ይህችም አንዲት ማምለጫ በር ነበረች። አዎ ብትል ማንም አያውቅም።

«አይደለም። መቶ ዘጠኝን ገለጥኩት፣ እርግማን እንደሌለው አየሁ። ከዚያ ያንን አነበብኩልሽ። እያወቅኩ ነው።»

«ለምን?»

«አፈርኩ። አጣርቼ ብዬሽ ነበር።»

አበባ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ብትሰድባት ይሻል ነበር። «እኔ አለማንበቤን ለማንም ደብቄ አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ዓይን የለኝም፣ ሐመልማል ዓይኔ ናት እያልኩ ነው የኖርኩት። አንቺ ዓይኔን ያዝሽብኝ።» ከዚያ ቆሎውን በጆንያ ሸፈነችና ነጠላዋን አጣፋች። «ተነሺ። የት ናቸው አሁን?»

ዘይቱና ዕቃ ቤት በር ላይ አባባ ይርሳው ፀሐይ እየሞቁ አገኟቸው። አበባ ጉልበታቸውን ለመሳም ስታጎነብስ ይዘው አስነሧት። ሐመልማል የሆነውን ሁሉ ቆማ ነገረቻቸው፤ መዝሙሩን መቀየሯን፣ አበባ አለማንበቧን ማሰቧን ሳይቀር። ዘይቱና በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ በዚህ ጊዜ አልቀለደችም።

«ዛፉማ የእሷ ነው፣ ልቁረጠው ካለች ትቁረጠው» አሉ ሽማግሌው። «ጥላው ነው የናፈቀኝ። መቶ ዘጠኝን ያልኩት ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌሊት ስለምትባንን ነው። ግድግዳው ስስ ነው፣ ይሰማኛል። የሚያስፈራት ነገር ከእግሯ በታች ይሁንላት ብዬ ነው።» ወደ ሐመልማል ዞሩ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። በአማርኛ አስረድቼ ብነግራት ኖሮ ይህ ሁሉ የለም።»

«እርስዎ ምንም የለብዎትም፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ተይው፣ ልጄ።»

እንዲህ ቶሎ ባይሏት ምን ነበር! የምትሸከመው ነገር ፈልጋ ነበር የመጣችው፤ እሳቸው ግን ምንም አላሸከሟትም፤ ጥፋቷን እንደ ተሸከመችው ሄደች።

አልጋው በዚያው ቀን ተመለሰ። አንደኛውን ጫፍ አበባ በግራ እጇ፣ ሌላውን ሐመልማል ይዘው። አባባ ይርሳው ክፍላቸው ገቡ፣ ዳዊታቸውን መስኮቱ ላይ አኖሩ። ግን ከዚያ ወዲህ ጎሕ ሲቀድ ድምፃቸው አይሰማም። አበባ ጠየቀቻቸው፤ «እደግማለሁ፣ በልቤ ነው። ሰው አላስፈራም ብዬ ነው» አሏት። «ኧረ ጮክ ይበሉ፣ እኔ ናፈቀኝ» ብትላቸው ፈገግ ብቻ አሉ። አበባ ይህን ለሐመልማል የነገረቻት ሆን ብላ ነው፤ ልታሳዝናትም ብላ አይደለም፣ ልታውቀው ይገባታል ብላ እንጂ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለቻት። «ስማቸው በማኅበርተኛው ሁሉ ዘንድ ነው የጠፋው። በማኅበር ፊት ታጸጂዋለሽ።»

የሚካኤል ቀን ሲደርስ ሐመልማል ሱቋን በጊዜ ዘጋች። ጸበል ጻዲቁ ከተነሣ በኋላ «ዶክተራችን ዛሬ ምን ይዛልን መጣች?» አለች አንዷ እንደ ልማዷ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ሐመልማል ቆመች። ተቀምጣ የምትናገረው ነገር አልነበረም። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ጽሑፎቹን፣ ወረቀቱን፣ አጋምሳ የተወችውን ጽሑፍ፣ የቀየረችውን መዝሙር። ሳታስረዝም፣ ሳታሳምር። ስትጨርስ አንድም ሰው አልሳቀም። ሐመልማል ምንጣፉን ነበር የምታየው።

ከወደ ጥግ አንዷ፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ስለ ሰናፍጩ ምሳሌ ያልሽንስ?» አለች። «ጥናቱ እንዲህ ይላል ያልሽውስ?»

«እሱ ልክ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

«እርግጠኛ አይደለሁም። ያልኳችሁን ሁሉ እንደገና አየዋለሁ። ልክ ያልሆነውን መጥቼ እነግራችኋለሁ።»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐመልማል ነጠላዋን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ አበባ፣ «ወዴት ነው?» አለቻት። «መቶ ዘጠኝን ገና አልሰማሁትም። ማን ያነበዋል?»

ማንም አልተነቃነቀም።

«እኔ ላንብበው» አለች ሐመልማል፤ ድምፅዋ እምብዛም አልወጣም። «ግን ብቻዬን አይደለም። ኦብሴ፣ እባክሽ አጠገቤ ተቀመጪ። ዓይንሽን ከገጹ አታንሺ።»

ኦብሴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ከሁሉም ልጅ እግር የሆነች ማኅበርተኛ ናት። ተነሥታ መጣች፤ ለተማሪዎቿ እንደምታደርገው አመልካች ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አኖረች። ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው፤ ለሁሉም፣ ይበልጡን ለአበባ። ከዚያ ሐመልማል ጀመረች። የምታውቀው መዝሙር ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሳታይ ትወጣዋለች። ሁለተኛው መስመር ላይ አንዲት ቃል ዘለለች።

«ዘለልሽ» አለች ኦብሴ፣ ጣቷን ሳታነሣ።

ሐመልማል አንገቷ ድረስ ቀላች። ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። ከኀፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ስም ያልሰጠችው፤ ጭነት ላይ ሌላ ሰው እጁን ሲጨምር የሚመጣ ዓይነት ነገር። «እግዜር ይስጥሽ» አለቻት፣ መስመሩንም ከመጀመሪያው አነሣች፤ አሁን ቃል በቃል፣ አበባ እንድትከተላት ቀስ ብላ።